«ተመረቀ» ስትሉ መቃኞውን ረሳችሁት

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት በውጭ ዜና ገጻችሁ «128 ዓመት የፈጀው ካቴድራል ሳያልቅ ተመረቀ» በሚል ርዕስ ስለ ባርሴሎናው ሳግራዳ ፋሚሊያ ያወጣችሁትን ዘገባ ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ቡናዬን እየጠጣሁ፣ ሁለተኛ ጊዜ ቡናው ከቀዘቀዘ በኋላ። በአንዲት መስመር ርዕስ ሁለት ስሕተት ማስገባት ቀላል ሙያ አይደለም።

አንደኛውን ቶሎ ልለፈው። ካቴድራል ማለት ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ማለት ሳይሆን የጳጳሱ መንበር ያለበት ማለት ነው። የባርሴሎና ካቴድራል በአሮጌው ከተማ የሚገኘው የቅዱስ መስቀልና የቅድስት ኤውላልያ ቤተ ክርስቲያን ነው። በቅጥሩ ውስጥ 13 ነጭ ዝይዎች ይኖራሉ፤ ቅድስቲቱ በ13 ዓመቷ ሰማዕት ሆነች ስለሚባል ነው። የሳግራዳ ፋሚሊያ ሥነ ሥርዓት በተከናወነበት በጥቅምት 28 እሑድ ማታ መንበሩም ዝይዎቹም በየቦታቸው ነበሩ። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛ ለሳግራዳ ፋሚሊያ የሰጡት የባዚሊካነት ማዕረግ ነው።

የእኔ ጠብ «ተመረቀ» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው። ፋብሪካ ይመረቃል። ድልድይ ይመረቃል። ተማሪም ጋዋን ለብሶ ይመረቃል። ቤተ ክርስቲያን ግን ቅዳሴ ቤቱ ይከበራል። ይህን ቃል ከስፔን ይዤው አልመጣሁም፤ በአገራችን የትኛውም የገጠር ደብር አጠገብ ያደገ ልጅ ያውቀዋል። ጋዜጠኛችሁም ያውቀዋል ብዬ አስባለሁ፤ ለእኛ ለካቶሊኮች ሲሆን ብቻ ነው የጠፋበት።

ቃሏ ብቻዋን ብትሳሳት ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ዘገባው የቀለደውን ቀልድ ሁሉ ያቆመው በእርሷ ላይ ነው። ክሬኑ ሳይወርድ፣ ከታቀዱት 18 ማማዎች ስምንቱ ብቻ ቆመው ምን ዓይነት ምረቃ ነው፣ ለካ ፈረንጅም ሥራውን ሳይጨርስ ሪባን ይቆርጣል፣ እያለ ይሳለቃል። ሪባን የቆረጠ የለም። ለቅዳሴ ቤት ማማ አያስፈልግም፤ ሕዝብ የሚቆምበት የተከደነ ጣሪያ፣ መሠዊያ፣ ቅብዐ ሜሮንና ጳጳስ ይበቃሉ። በእ.ኤ.አ. 2010 የዋናው አዳራሽ ጣሪያ ተከድኖ አበቃ፤ ስለዚህ መሠዊያውና ግድግዳው ሜሮን ተቀቡ። የማማዎቹ ተራ ገና ነው፤ ቅዳሴው አይጠብቃቸውም።

ስለ ሜሮን ካነሣሁ አይቀር፣ ከፎቶግራፉ ሥር «ጳጳሱ ጠረጴዛውን ሲወለውሉ» ብላችኋል። አዛውንቱ ዘይቱን አፍስሰው በመዳፋቸው ድንጋዩን ከዳር እስከ ዳር የሚያሹት መሠዊያ ነው። የወለወሉትማ መነኮሳይያት ናቸው፤ ዘይቱን በጨርቅ አደረቁት፣ ስፔን ውስጥም «ሴቶች ለመወልወል ብቻ ነው ወይ የሚጠሩት?» የሚል ክርክር ተነሥቷል። ስድስት ዓመት በሰው ቤት የወለወልኩ ሴት ነኝና ይህን ክርክር ብታቀርቡልኝ በደስታ አነብ ነበር።

ስድስቱን ዓመት የወለወልኩት እዚያው ባርሴሎና፣ ከቤተ መቅደሱ ጥቂት እርምጃ በሚርቅ ቤት ነው። የምጦራቸውን አሮጊት በአማርኛ «እማማ» ነበር የምላቸው፤ እርሳቸውም አቤት ይሉኛል። ዘገባችሁ «እስካሁን ለቱሪስት እንጂ ለጸሎት ያልዋለው ሕንፃ» ሲል ትዝ ያሉኝ እርሳቸው ናቸው። በየእሑዱ ክንዳቸውን ይዤ፣ ካሜራ ያንጠለጠለውን ሰልፍ ወደ ጎን ትተን፣ ወደ ምድር ቤቱ እንወርድ ነበር። እዚያ ከእ.ኤ.አ. 1885 ጀምሮ፣ የቅዱስ ዮሴፍ ጸሎት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ማለቴ ነው፣ ቅዳሴ ይቀደሳል። በ1926 ትራም ገጭቶት የሞተው የሕንፃው ነዳፊ ጋውዲም የተቀበረው እዚያው ነው። የስፔን የርስ በርስ ጦርነት በፈነዳበት በ1936 ምድር ቤቱ ተቃጥሏል፤ ጋውዲ በጀሶ የሠራቸው ሞዴሎችም ተሰባብረዋል። እማማ ያን ጊዜ ልጅ ነበሩ፤ ጭሱን ከሰገነት ላይ ሆነው እንዳዩት ይነግሩኝ ነበር፤ ሲነግሩኝ ዛሬም የሚሸታቸው ይመስል አፍንጫቸውን ይይዛሉ።

ታዲያ ይህ ምን ይባላል? እኛ አገር ስም አለው፤ መቃኞ ይባላል። ዋናው ሕንፃ እስኪያልቅ ምእመኑ በመቃኞ ያስቀድሳል፣ ልጁን ያስጠምቃል፣ ሳንቲሙን ለሕንፃው ይሰጣል። ሳግራዳ ፋሚሊያም የተጀመረው ቦካቤያ የተባለ መጽሐፍ ሻጭ በመሠረተው የቅዱስ ዮሴፍ ማኅበር ምጽዋት ነው፤ የሥርየት ቤተ መቅደስ የተባለውም በምጽዋት የሚሠራ በመሆኑ ነው። እማማ ከቦርሳቸው ሁለት ሳንቲም ፈልገው ሳጥኑ ውስጥ እስኪጥሉ ከኋላችን ያለው ሰው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። አንድ ጊዜ ልቀበላቸውና እኔ ልጣልላቸው ብል ተቆጥተውኛል። እኒህን ሰዎች ነው ዘገባችሁ አልነበሩም ያለው።

መጨረሻው ደግሞ «የምዕራባውያኑ ሃይማኖት ተከታዮች ደስታቸውን ገለጹ» ይላል። እኔ የማስቀድሰው ልደታ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው። ቅዳሴያችን የግእዝ ሥርዓት ነው፤ ከበሮውም ጽናጽሉም አለን። ገናን የማከብረው ታኅሣሥ 29 ነው። ሆኖም በየዓመቱ ታኅሣሥ 16፣ በፈረንጆቹ ገና፣ የሥራ ባልደረቦቼ ተሰብስበው «እንኳን ለበዓልሽ አደረሰሽ» ይሉኛል፤ አመስግኜ ምስር ወጤን እበላለሁ። 29 ሲደርስ ደግሞ «ያንቺ አልፏል አይደል?» ብለው በበዓሉ ዕለት ተረኛ ያደርጉኛል። አምና በዚህ ጉዳይ ደብዳቤ ልኬላችሁ አልወጣም። ምናልባት በዓሉ አልፏል ብላችሁ ይሆናል።

እርማት እንድታወጡ እጠይቃለሁ። ቦታ ጠበበን እንዳትሉኝ ርዕሱን ራሴ አዘጋጅቼላችኋለሁ፤ «የሳግራዳ ፋሚሊያ ቅዳሴ ቤት ተከበረ»። ከእናንተው በአንድ ቃል ያንሳል።

የዘወትር አንባቢያችሁ
ከልደታ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 2003 ዓ.ም.