የታሪክና ክርክር ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን ዓመቱን ሙሉ የተከራከረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ የአሜሪካው የእርስ በርስ ጦርነት የተነሣው በባርነት ነው ወይስ በግዛቶች መብት (እያንዳንዱ ግዛት በራሱ ሕግ ልተዳደር በማለቱ)? በወላጆች ስብሰባ ላይ «የአማርኛ ትምህርት ቤት ከአሜሪካ ጦርነት ጋር ምን አገናኘው?» ተብያለሁ። መልሴ ልጆቹ ናቸው። መስከረም ላይ ከሰላምታ በቀር አማርኛ የማይወጣቸው ልጆች ሚያዝያ ላይ «ሕገ መንግሥት»፣ «መገንጠል» እያሉ ሲሟገቱ መጥቶ የሰማ ወላጅ ጥያቄውን አልደገመውም።

የቅዳሜ ስብሰባዎቻችን እንደ ወትሮው ነበሩ። ክርክሩን የገለበጠው ደቡብ ካሮላይና በ1860 (እ.ኤ.አ.) ስትገነጠል ያወጣችው መግለጫ ነው። ለግዛቶች መብት የቆመው ልጅ ራሱ ሲያነበው፣ ሰነዱ የሰሜን ግዛቶችን የሚከስሰው ያመለጡ ባሪያዎችን አንመልስም ብለው የራሳቸውን ሕግ በማውጣታቸው ነው። «ታዲያ የእነሱስ መብት?» አለና ወረቀቱን አስቀመጠ።

በሚያዝያ እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዩ ስትሪት ወዳለው በእርስ በርስ ጦርነቱ የተዋጉ የጥቁር ወታደሮች መታሰቢያ ሄድን። ከዘጠነኛው ጎዳና ምግብ ቤቶቻችን ጥቂት እርምጃ ነው፤ ሁላችንም በአጠገቡ እናልፋለን። ግድግዳው ላይ 209,145 ስም ተቀርጿል። ነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲከፈለው ለእነዚህ 10 ዶላር ታስቦ 3ቱ ለልብስ ይቆረጥባቸው እንደነበር፣ ኮንግረሱ ያስተካከለውም በ1864 መሆኑን ነገርኳቸው። ከዚያ ወደ 1868ቱ የሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ መጣሁ፤ እዚህ የተወለደ ዜጋ ነው የሚለው።

ከሁሉም የምታንሰው ተማሪያችን እጄን ያዘች። «ጋሼ፣ እናቴ ስትወልደኝ ገና ዜጋ አልነበረችም። እኔ ግን ነበርኩ። በእነዚህ ምክንያት ነው?» አዎ አልኳት። ጣቷን ስሞቹ ላይ እያስኬደች ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች፤ ሌሎቹም መስመር መስመር ተከፋፍለው ተቀበሏት። ሃያ ደቂቃ ያህል ማንም ስልኩን አላወጣም። በዚህ ትምህርት ቤት ባስተማርኩባቸው ዓመታት እንዲህ ያለ ቀን አላየሁም።

የቀረብንም አለ። ክፍላችን ለሌላ ዝግጅት ሲፈለግ 5 ቅዳሜ ያለ ቦታ ቀርተናል። በጦርነቱ ፕሬዚዳንት ሊንከን ራሱ በተኩስ መሐል የቆመበትን ምሽግ፣ ፎርት ስቲቨንስን፣ ለማየት ያቀድነው ጉዞም በመኪና እጦት ተሰረዘ። እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው! ለዓመት መዝጊያ ድግስ የሚዋጣው ገንዘብ ሩቡ እንኳ ለክበባት ቢሰጥ ይህ ባልሆነ ነበር።

በመጪው ዓመት ጥቁርና ነጭን መለያየት ከፈቀደው ከ1896ቱ «ተለያይቶ እኩል» ፍርድ በትምህርት ቤቶች መለያየትን እስከከለከለው የ1954ቱ ውሳኔ ድረስ እንከራከራለን። ሰፊ መኪና ያላችሁ ወላጆች፣ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ ምድር ቤት ታገኙኛላችሁ።