ጉዳዩ፦ ቡድኑ ከመበተኑ በፊት ስለተቆረጠብን የወንበር ክፍያ

ቀን፦ ጁላይ 9 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.)

ለኮሌጁ ስፖርት መምሪያ
የቲኬት ሽያጭና የደንበኞች አገልግሎት ክፍል

በወንዶች ቅርጫት ኳስ አዳራሻችሁ ውስጥ በአንድ ሒሳብ የተመዘገቡ 12 ወንበሮች ያሉን የሲዝን (የዓመቱን የሜዳ ጨዋታዎች ሁሉ የሚያሳይ) ቲኬት ደንበኞች ነን። የእንግሊዝኛው ቅጂ ከዚህ ጋር ተያይዟል፤ አማርኛውን ያዘጋጀነው ክፍያውን የምናዋጣ ሁሉ የምንፈርምበትን ቃል አንድ በአንድ እንድናውቀው ነው።

ከሁሉ በፊት ይህ ይታወቅልን፦ ቅሬታችን በተጫዋቾቹ ላይ አይደለም። የአሜሪካ ኮሌጆችን ስፖርት የሚመራው ማኅበር ኤንሲኤኤ በ2021 አንድ ተጫዋች ዓመት ሙሉ ሳይቀመጥ አንድ ጊዜ እንዲዛወር ፈቀደ፤ ከኤፕሪል 2024 ወዲህ ደግሞ ትምህርቱን በሚገባ እስከያዘ ድረስ ስንት ጊዜ ቢዛወር ወዲያው መሰለፍ ይችላል። መዛወር የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን በሚያስመዘግብበት የኢንተርኔት መዝገብ፣ በፖርታሉ፣ ዘንድሮ ብቻ ከ2,000 በላይ የዲቪዥን አንድ (የከፍተኛው የኮሌጅ ደረጃ) ወንድ ተጫዋቾች ስማቸውን አስገብተዋል። 7 አሸንፎ 24 የተሸነፈ ቡድን ከዚህ ጎርፍ ሳይነካ ይወጣል ብሎ የጠበቀ ከመካከላችን ማንም የለም። የምንቃወመው እናንተም ይህንኑ እያወቃችሁ ገንዘባችንን ቀድማችሁ መቁረጣችሁን ነው።

ቀኖቹን በተራ አስቀምጧቸው። የ2025–26ን ቲኬት «አላድስም» ለማለት የተሰጠን የመጨረሻ ቀን ፌብሩዋሪ 28 ነበር። ማርች 3 ከካርዳችን በወንበር 730 ዶላር ወጣ፤ 480ው ለ16 የሜዳችን ጨዋታዎች፣ 250ው ደግሞ ወንበሩ እንዳይነጠቅ በግድ የሚከፈል፣ እናንተ ግን «ስጦታ» የምትሉት ነው። በ12 ወንበር 8,760 ዶላር መሆኑ ነው። ቡድኑ ከኮንፈረንሱ (አብረው ከሚወዳደሩት ኮሌጆች ማኅበር) ውድድር በመጀመሪያው ዙር የወጣው ማርች 11 ነው። ፖርታሉ ማርች 24 ተከፍቶ ኤፕሪል 22 ተዘጋ። ከ13ቱ ባለ ስኮላርሺፕ 4ቱ የመጫወቻ ዘመናቸውን ጨርሰዋል፤ መመለስ ይችሉ ከነበሩት 9ኙ 8ቱ ስማቸውን አስገቡ። ይህ ሁሉ ሲሆን ገንዘቡ እናንተ ዘንድ ከገባ ሳምንታት አልፈውታል።

ኤፕሪል ላይ ስንጠይቅ በኢሜይል የደረሰን መልስ ባለ ሁለት መስመር ነው፦ ዝውውር ከመምሪያው ቁጥጥር ውጭ ነው። ግማሹ እውነት ነው። ተጫዋቹ ጥያቄውን በጽሑፍ ለኮሌጁ ኮምፕላያንስ (ደንብ አስከባሪ) ቢሮ ካቀረበ፣ ቢሮው በሁለት የሥራ ቀናት ውስጥ ስሙን ፖርታል ላይ የማስፈር ግዴታ አለበት፤ አሰልጣኝ ቢለምን፣ ዳይሬክተር ቢቆጣ ማስቀረት አይችልም። ከቁጥጥራችሁ ውጭ ያልነበረው ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው።

ቀድሞ የተሸነፈ ቡድን አንድ ጥቅም አለው፤ እሱም ጊዜ ነው። ከማርች 11 እስከ ማርች 24 ድረስ 13 ቀን ነበራችሁ። በእነዚያ ቀናት የሌላ ኮሌጅ አሰልጣኝ ተጫዋቾቻችሁን በሕግ ማነጋገር አይችልም። (ወኪሎች በጎን በስልክ እንደሚነጋገሩ የአደባባይ ምስጢር ነው፤ ቢሆንም በአካል ከፊታቸው መቀመጥ የምትችሉት እናንተ ብቻ ነበራችሁ።) እነዚህ ቀናት የሚውሉበት ሥራ ይታወቃል፦ እያንዳንዱን ተጫዋች ለየብቻ ጠርቶ በሚቀጥለው ዓመት ስንት ደቂቃ እንደሚጫወት፣ በየትኛው ቦታ እንደሚሰለፍ፣ ስኮላርሺፑ መታደሱንና ከኤንአይኤል (በስሙና በምስሉ ከሚከፈለው ገንዘብ) የሚያገኘውን በወረቀት ማሳየት። የስኮላርሺፕ እድሳትን እስከ ጁላይ 1 ማሳወቅ ደንቡ ይፈቅዳል፤ ጁላይ 1ን የጠበቀ ግን የሚያድስለት ሰው አያገኝም።

ማንን ቀድሞ መጥራት እንደሚያስፈልግም የተሰወረ አልነበረም። ከደካማ ቡድን ሰው የሚሄደው ከሁለቱም ጫፍ ነው። ብዙ ነጥብ ያስቆጠረው ወደ ላይ ይሄዳል፤ ቡድኑ ቢሸነፍም የሱ አሃዝ በየአሰልጣኙ ኮምፒውተር ላይ ይታያልና። በጨዋታ 6 ወይም 7 ደቂቃ ያገኘው ተቀያሪ ደግሞ ደቂቃ ፍለጋ ወደ አነስተኛ ኮንፈረንስ ይወርዳል። መካከል ላይ ያሉት ናቸው በንግግር የሚቆዩት፤ እነሱም የሚያዩት ጨዋታውን የሚመራውንና ኳስ የሚያቀብለውን ፖይንት ጋርድ ነው። ያለፈው ዓመት ጨዋታችሁ በአብዛኛው በፒክ ኤንድ ሮል ላይ የቆመ ነበር፦ ሴንተሩ (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወተው ረጅሙ) ስክሪን ሠርቶ፣ ማለትም በሰውነቱ ተከላካዩን ጋርዶ፣ ወደ ቅርጫቱ ሲዞር ፖይንት ጋርዱ ኳሷን በሰዓቷ ያደርስለታል። አቀባዩ ከሌለ ሴንተሩ ኳስ የሚያየው ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ) ሲያነሳ ብቻ ነው። ፖይንት ጋርዱ ስሙን ባስገባ በሦስተኛው ቀን ሴንተሩ፣ በአምስተኛው ቀን ሁለቱ የጎን ተኳሾች መከተላቸው ማንንም ሊያስገርም አይገባም። አንዱን በጊዜ ይዞ ማስቀረት አራቱን መያዝ ነበር።

ይህን ማን ያድርግ? አሰልጣኙ አይችልም ነበር፤ መምሪያው ከአንድ ወር በላይ «ጉዳዩን እየገመገምን ነው» እያለ ስላቆየው የራሱን ነገ አያውቅም። ኤፕሪል 14 ሲሰናበት ደግሞ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። በ2025 በነበረው ደንብ ዋና አሰልጣኝ ሲለቅ ለዚያ ቡድን ተጫዋቾች ሌላ 30 ቀን ይከፈት ነበር፤ ኤፕሪል 22 ይዘጋ የነበረው በር ለእናንተ ቡድን እስከ ሜይ 14 ክፍት ሆነ። ከስምንቱ ሦስቱ የወጡት በዚሁ ጭማሪ ነው። ስንብቱ ማርች 12 ቢሆን ኖሮ 30ው ቀን ኤፕሪል 11 ያልቅ ነበር፤ ከኤፕሪል 22 በኋላ አንድም ቀን አይጨመርም ማለት ነው።

ሌሎች እንዴት እንዳደረጉት ማየት ይቻላል። በ2023–24 የሚሺጋንና የሉዊቪል ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ሁለቱም 8 አሸንፈው 24 ተሸንፈዋል። ሉዊቪል አሰልጣኙን ኬኒ ፔይንን ማርች 13፣ ሚሺጋን ጁዋን ሃዋርድን ማርች 15 ቀን 2024 አሰናበቱ፤ በሉዊቪል ፓት ኬልሲ፣ በሚሺጋን ደስቲ ሜይ ማርች ሳያልቅ ቦታቸውን ያዙ። ከሁለቱም ቡድን ብዙ ሰው ወጣ፤ ነገር ግን አዲሶቹ አሰልጣኞች ገና ገበያው ሙሉ ሳለ ደርሰው በዚያው ፖርታል ቡድናቸውን ሞሉ። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱም 27 ጨዋታ አሸነፉ። እነሱ የበለጠ ገንዘብ አላቸው ትሉን ይሆናል፤ አላቸው። ቀን መቁጠር ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

አሁን ወደ እናንተ ክፍል እንመለስ። ኤፕሪል 10 የላካችሁልን «የጓደኛ ቅናሽ» ማስታወቂያ ላይ የቆመው ፖይንት ጋርዱ ነው፤ በዚያን ቀን ለሌላ ኮሌጅ ከፈረመ ቆይቷል። በስልካችን ላይ ያለው የ2025–26 ቲኬትም እስከ ዛሬ ከኪውአር ኮዱ በላይ የሱን ምስል ያሳያል፤ እጁን ዘርግቶ «አብራችሁን ሁኑ» ይላል። የቡድኑ ድረ ገጽ ላይ ያለው የተጫዋቾች ዝርዝር ከሜይ ወዲህ አልተነካም። ከሄዱት ስምንቱ አምስቱ አሁንም ቁመታቸውና የማሊያ ቁጥራቸው ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል፤ አዲስ የመጡት ግን የሉም። ደንበኛ ወንበሩን ልሽጥ ወይስ ልያዝ ብሎ የሚወስነው በዚህ ገጽ ነው። መረጃው ሲዘገይ ደግሞ ኪሳራው በእኛ ላይ ይወድቃል፤ በመልሶ መሸጫ ገበያ ላይ 30 ዶላር የተከፈለበት ወንበር ከ10 ዶላር በታች ቀርቧል።

ሌላም አለ፤ ምናልባት እናንተም ሳታዩት አልፏችሁ ይሆናል። በደረሰኙ ላይ 250ው ዶላር «ከግብር ተቀናሽ ስጦታ» ተብሎ ተመዝግቧል። በ2017 መጨረሻ በወጣው የፌዴራል ግብር ሕግ መሠረት፣ የኮሌጅ ስፖርት ወንበር የመግዛት መብት ለማግኘት የሚሰጥ ገንዘብ ከ2018 የግብር ዓመት ጀምሮ አይቀነስም። ቀድሞ 80 በመቶው ይቀነስ ነበር፤ የደረሰኙ ቃል ከዚያ ዘመን የቀረ ይመስላል። ይህን አምኖ የሞላ ደንበኛ ከግብር ቢሮው ጋር የሚነታረከው ብቻውን ነው።

የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። የ12ቱ ወንበሮች የግዴታ ስጦታ፣ ማለትም 3,000 ዶላር፣ ወደተቆረጠበት ካርድ ይመለስልን። ቲኬቱን መያዝ የማይፈልግ አባል እስከ ኦገስት 15 ያለ ቅጣት እንዲሰርዝ ይፈቀድለት፤ ከ12ቱ አራቱን ለመሰረዝ ወስነናል። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ የእድሳት ቀኑ ፖርታሉ ከተዘጋ ቢያንስ 10 ቀን በኋላ ይሁን። ቀደም ብሎ ገንዘብ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ በወንበር 50 ዶላር መያዣ ተቀበሉ፤ ቀሪውን ዝርዝሩ ሲታወቅ እንከፍላለን። የተጫዋቾች ገጹና የቲኬቱ ምስል ይታረም። የተስተካከለ ደረሰኝም ይላክልን።

ከጁላይ 1 ጀምሮ ኮሌጆች ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈል እንደሚችሉ፣ ጣሪያውም ለ2025–26 ለሁሉም ስፖርት በአንድነት 20.5 ሚሊዮን ዶላር እንደሆነ በጁን ደብዳቤያችሁ ነግራችሁናል። መልካም። ነገር ግን ደብዳቤው ለወንዶች ቅርጫት ኳስ ከዚህ ስንት እንደተመደበ ሳይናገር፣ የ2026–27 «ስጦታ» በ15 በመቶ እንደሚጨምር ይናገራል። ጭማሪው መልስ እስክናገኝ ድረስ በእኛ ሒሳብ ላይ እንዳይሠራ፣ ራስ ሰር እድሳቱም ከዛሬ ጀምሮ እንዲቆም በዚህ ደብዳቤ አሳውቀናል።

የማርች 3ቱን ደረሰኝ፣ የኤፕሪል 10ሩን ማስታወቂያና የዛሬውን የድረ ገጽ ቅጂ አያይዘናል። መልሳችሁን በጽሑፍ እስከ ጁላይ 31 እንጠብቃለን፤ በዚያ ቀን ካልደረሰን የ3,000 ዶላሩን ክፍያ በካርድ ሰጪው ባንክ በኩል እንከራከርበታለን።

ከሰላምታ ጋር
የ12ቱ ወንበር ደንበኞች
(ፊርማ በእንግሊዝኛው ቅጂ ላይ)