«ቪዲዮውን አየሁት፣ ግን ጠፋብኝ» ላላችሁን ደንበኞቻችን

ጅማ፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው ስለ ሒሳብ ፕሮግራም ማስተማሪያ ቪዲዮዎቻችን ክረምቱን ሙሉ ከብዙዎቻችሁ አንድ ዓይነት ነገር ስለሰማን ነው። «ቪዲዮውን ሳየው ይገባኛል። ኮምፒውተሩ ፊት ስቀመጥ ግን ጥፍት ይልብኛል።» መጀመሪያ ጥፋቱ የእናንተ መስሎን ነበር። ቁጭ ብለን ቪዲዮዎቹን መልሰን ስናያቸው እኛኑ እንቅልፍ ወሰደን።

ፒችትሪ የሚባለውን የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም የሚያስተምረው የመጀመሪያው ቪዲዮአችን 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ነበር። አካውንት ከመክፈት ዓመት እስከ መዝጋት ያለውን ሁሉ አንድ ላይ አጭቀንበታል። አንዲት የሂርማታ ደንበኛችን የፈለገችው በስህተት የመዘገበችውን ደረሰኝ ማረም ብቻ ነበር። ያቺን ቦታ ለማግኘት ቪዲዮውን ወደፊት ወደኋላ ስትጎትት ግማሽ ቀኗ አለቀ። በመጨረሻ ደወለችልን። በስልክ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ስለዚህ አፍርሰን ሠራነው። አሁን አንድ ቪዲዮ አንድ ሥራ ብቻ ያሳያል። ከ5 ደቂቃም አይበልጥም። ስሙ ራሱ ሥራው ነው፦ «የተሳሳተ ደረሰኝ ማረም»፣ «ኪሎን ወደ ፈረሱላ መቀየር»፣ «የወር ደመወዝ መሥራት»። ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት የሚባለውን ነገር ትተነዋል። ክፍል ሰባት ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያስታውሳል?

አንዳንዶቻችሁ ደግሞ «አስተማሪው ራሱ ይሳሳታል» ብላችሁናል። እውነት ነው፣ ሆን ብለን ነው። የፈረሱላውን ቪዲዮ እንውሰድ። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን ቡና የምትነግዱት ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ኤክሴል ግን አያውቅም፣ ካልነገራችሁት። በቪዲዮው ላይ 17ን አንድ ሴል (ሳጥን) ውስጥ እንጽፋለን። ከዚያ ከገበሬዎቹ ዝርዝር የመጀመሪያውን ገበሬ ኪሎ ለዚያ ሴል እናካፍላለን። ልክ ይመጣል። ፎርሙላውን ወደ ታች ስንጎትተው ግን ከሁለተኛው ገበሬ ጀምሮ የስህተት ምልክት ይደረደራል። ምክንያቱም ፎርሙላው ሲወርድ 17ቱን ለቆ ከሥሩ ያለውን ባዶ ሴል ይይዛል። ኤክሴል ደግሞ ባዶውን እንደ ዜሮ ስለሚቆጥረው ማካፈል አይችልም። መፍትሔው ፎርሙላው ላይ የ17ቱን ሴል መርጦ ኤፍ 4ን መጫን ነው። የዶላር ምልክት ይገባበትና ሴሉ ይቆለፋል። አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ኤፍ ኤን የሚለውን ቁልፍ አብራችሁ ካልያዛችሁ አይሠራም። ይህን ስህተት ከቪዲዮው ቆርጠን ብናወጣው ኖሮ፣ ቢሮአችሁ ውስጥ ብቻችሁን ስትጋፈጡት «ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል» ብላችሁ ትደውሉልን ነበር። ደውላችሁልናልም!

አሁን ደግሞ ቪዲዮውን ስለምታዩበት መንገድ። አብዛኞቻችሁ ቪዲዮውን ማታ ሶፋ ላይ ጋደም ብላችሁ፣ እንደ ድራማ ነው የምታዩት። ቡና ሲፈላ እያየ ያደገ ልጅ ሁሉ ጀበና ተሰጥቶት አፍላ ቢባል አይወጣለትም። ስለዚህ ስልካችሁን ከኮምፒውተሩ አጠገብ አቁሙት። ግማሽ ደቂቃ እዩ፣ አቁሙ፣ ያያችሁትን በእጃችሁ ሥሩ። ከዚያ ቀጥሉ። ሲያልቅ ቪዲዮውን ዝጉትና በራሳችሁ ቁጥር እንደገና ሥሩት። ዋናው ይሄኛው ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይሄኑ ነው። ሲጠፋባችሁ ወዲያው ቪዲዮውን አትክፈቱ፣ ትንሽ ታገሉ። በማግስቱ አንድ ጊዜ ብትደግሙት ከዚያ በኋላ እኛን የምትፈልጉን አይመስለንም። ድምፁ ከፈጠነባችሁ ፍጥነቱን ወደ 0.75 አውርዱት። ድምፃችን ትንሽ የሰከረ ሰው ይመስላል እንጂ ይሰማል።

አንድ ይቅርታም አለብን። ካቻምና የደመወዝ ቪዲዮ የቀረጽነው በአንድ ደንበኛችን እውነተኛ ፋይል ላይ ነበር። የሠራተኞቹ ስምና ደመወዝ ለጥቂት ሰከንድ ታየ። ወዲያው ብናጠፋውም ያየ አይቶታል። ደንበኛችንን በአካል ሄደን ይቅርታ ጠይቀናል፣ አሁን ደግሞ ሁላችሁንም። ከዚያ ወዲህ የምንቀርጸው በፈጠራ ስምና በፈጠራ ቁጥር በሞላነው የልምምድ ፋይል ብቻ ነው። ከመጀመራችን በፊትም የቴሌግራምና የኢሜይል መልእክት ስክሪን ላይ ብቅ እንዳይል እንዘጋለን። ይህን የተማርነው ደግሞ የአንድ ባልደረባችን ሚስት «ሽንኩርት ይዘህ ና» ያለችው መልእክት በዓመት መዝጊያው ትምህርት መሃል ከወጣ በኋላ ነው። እሱን ግን አላጠፋነውም፣ ብዙ ሰው ወዶታል።

በምን እንደምንቀርጽ የጠየቃችሁን አላችሁ። ኦቢኤስ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ነው። እናንተም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። አንድ ምክር ብቻ፦ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የፋይሉን ዓይነት ኤምኬቪ አድርጉት። ኤምፒ4 በተለመደው አሠራሩ ቀረጻው ሲያልቅ ነው በትክክል የሚዘጋው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ አይከፈትም። ኤምኬቪ ግን መብራት እስከሄደበት ድረስ ያለውን ያተርፋል። በኋላ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ ሪመክስ በሚለው ወደ ኤምፒ4 መቀየር ይቻላል፣ ጥራቱም አይቀንስም። እዚህ ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህቺ ነገር ከማንኛውም ውድ ማይክ ትበልጣለች። ማይክ ካልን አይቀር፣ የእኛ ተራ የስልክ ማዳመጫ ነው። ለአፍ ቅርብ ስለሆነ ጥሩ ይሰማል። ጠላታችን ዝናቡ ነው። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ከጀመረ ማንም ማይክ አይችለውም። ስለዚህ ክረምት ክረምት ጠዋት በማለዳ ነው የምንቀርጸው።

ስክሪኑን ከመቅረጻችን በፊት ወደ 1280 በ720 እናወርደዋለን። ብዙዎቻችሁ የምታዩት በስልክ ነው። ትልቁን ስክሪን እንዳለ ብንቀርጸው ፊደሉ የጤፍ ፍሬ ያክላል። ሥዕሉን አንድ ጊዜ ቀርጸን ድምፁን ሁለት ጊዜ እናስገባለን፣ አንዱን በአማርኛ ሌላውን በአፋን ኦሮሞ። የቁልፎቹን ስም ግን በሁለቱም አንተረጉምም። «ሴቭ»ን «አስቀምጥ» ብንላችሁ ስክሪኑ ላይ ፈልጋችሁ አታገኙትም። በዚሁ አጋጣሚ፣ ኢንተርኔት ላይ ፒችትሪ ስትፈልጉ ሴጅ 50 የሚል ከመጣላችሁ አትደናገጡ። ያው ፒችትሪ ነው፣ ስሙን ቀይሮ ነው።

የድሮውን የደመወዝ ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ያስቀመጣችሁ እባካችሁ ዛሬውኑ አጥፉት። እዚያ ላይ ያለው ስሌት በአዋጅ ቁጥር 979/2008 የተሠራ ነው። በዚያ አዋጅ ከግብር ነፃ የነበረው የወር ደመወዝ 600 ብር ነበር። በ2017 ማገባደጃ በወጣው ማሻሻያ 2,000 ብር ሆኗል፣ ከዚያ በላይ ያሉት እርከኖችም ተቀይረዋል። በድሮው ፎርሙላ ብትሠሩ ከሠራተኛው ላይ ያለአግባብ ትቆርጣላችሁ። አዲሱ ቪዲዮ ተዘጋጅቷል። ከአሁን በኋላ እያንዳንዱ ቪዲዮ መጀመሪያ ላይ የተቀረጸበትን ወርና ዓመት እንጽፋለን።

እስካሁን ስለ እኛ ቪዲዮ አወራን። ከእናንተም የምንፈልገው ቪዲዮ አለ። ችግር ሲገጥማችሁ ትደውሉና «የሆነ ነገር ጽፎ ጠፋ» ትሉናላችሁ። ምን ጻፈ? «በቀይ ነው።» በዚህ ብቻ አጋሮ ድረስ ተሂዶ ያውቃል። ከዚያ ይልቅ ችግሩን ቀርጻችሁ ላኩልን። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ከሆነ ፕሮግራሙን ከፍታችሁ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ አልትንና አርን አንድ ላይ ተጫኑ። መቅረጽ ይጀምራል። ችግሩን ድገሙት። እነዚያኑ ቁልፎች እንደገና ስትጫኑ ይቆማል። ፋይሉን ቪዲዮስ በሚለው ፎልደር፣ ካፕቸርስ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ይህ መንገድ የሚቀርጸው የተከፈተውን አንድ ፕሮግራም ብቻ ነው፣ ዴስክቶፑን አይቀርጽም። አልሠራ ካላችሁ በስልካችሁ ካሜራ ስክሪኑን ቅረጹት፣ ይበቃናል። ፓስወርድ ስትጽፉ ግን አትቅረጹ። ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ የለጠፋችሁም ራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ መጀመሪያ እሱን አንሱት።

በቴሌግራም ስትልኩልን «እንደ ፋይል» የሚለውን ምረጡ። እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ያሳንሰውና የስህተቱ ጽሑፍ ይደበዝዛል። እስከ 2 ጊጋባይት ድረስ ይቀበላል፣ የእናንተ የአንድ ደቂቃ ቀረጻ ደግሞ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

አንድ ሐሳብ እንጨምር። የሒሳብ ሠራተኛችሁ ሥራ ሲለቅ እውቀቱን ይዞት ይሄዳል። አዲሱ ሠራተኛ የድሮውን ፋይል ለመረዳት ሁለት ወር ሲደናበር አይተናል። የወሩን መዝጊያ ሲሠራ አንድ ቀን እያወራ ይቅረጸው። አማርኛው ቢንተፋተፍ፣ መሃል ላይ ቢያስነጥስ ግድ የለም።

አዲሶቹ 24 ቪዲዮዎች ተዘጋጅተዋል። ዳታ እንዳይበላባችሁ ፍላሽ ይዛችሁ ሱቃችን ብቅ በሉ፣ በነፃ እንገለብጥላችኋለን። ቡና የምትነግዱ ደግሞ ቶሎ ብትመጡ ይሻላል። ቀዩ ቡና መልቀም ከተጀመረ በኋላ እናንተም ጊዜ አይኖራችሁም፣ እኛም የሚዛን ደረሰኝ ችግር ስንፈታ ነው የምንውለው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የሱቁ ባልደረቦች