የዩፎ ቪዲዮዎቹን አንድ ላይ አትጨፍልቋቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ

ስለ አሜሪካ ባህር ኃይል ፓይለቶችና ስለ ዩፎ (ምንነቱ ስላልታወቀ በራሪ ነገር) ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ርዕሱን ማንሳታችሁ ጥሩ ነው ግን ፔንታገን 2020 ላይ በይፋ የለቀቃቸውን ሶስት ቪዲዮዎች (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው) አንድ ላይ ጨፍልቃችሁ ሁሉም ለማመን በሚከብድ ፍጥነት ይበራሉ ማለታችሁ ልክ አይደለም።

ጎ ፋስት የሚባለውን እንይ፣ 2015 የተቀረፀው። ነገርየው ባህሩን ታክኮ የሚከንፍ ነው የሚመስለው፣ ግን እዛው ስክሪኑ ላይ የሚቀርፀው ጄት ከፍታ፣ የካሜራው አንግልና ርቀቱ ተፅፏል፣ እነሱን ይዞ ያሰላ ሰው ነገርየው ከባህሩ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንደነበር ያገኘዋል። የሚሮጠው እኮ ጄቱ ራሱ ነው፣ መኪና ውስጥ ሆነን መንገድ ዳር ያለው ዛፍ ወደኋላ የሚሮጥ እንደሚመስለን ማለት ነው። የናሳ አጥኚ ቡድንም 2023 ላይ ፍጥነቱን በሰዓት 40 ማይል ገደማ ነው ያለው፣ ይሄ እዛ ከፍታ ላይ ንፋስ ብቻውን የሚደርስበት ፍጥነት ነው።

ከሶስቱ ቪዲዮዎች አንዱ የተቀረፀበት የ2004ቱ የኒሚትዝ (የአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ናት) ጉዳይ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እኔን እስካሁን እረፍት የሚነሳኝም እሱ ነው። ፕሪንስተን የምትባለው የጦር መርከብ በራዳር ቀድማ አይታ ነው ጄቶቹን ወደዛ የላከችው፣ ኮማንደር ዴቪድ ፍሬቨርን ጨምሮ በሁለት ጄት አራት ሰዎች ነበሩ፣ ባህሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አረፋ እየደፈቀ ከላዩ ክንፍም ጭስም የሌለው ነጭ ነገር ወዲያ ወዲህ ሲል አዩ፣ ፍሬቨር ወርዶ ሊጠጋው ሲል በፊቱ አልፎ በሰከንዶች ውስጥ ተሰወረ። ቪዲዮው ግን ይሄን አያሳይም! እሱን በኋላ ላይ የወጣ ሌላ ፓይለት ነው የቀረፀው፣ እናንተ ደግሞ ምስክርነቱንና ቪዲዮውን እንደ አንድ አድርጋችሁ ነው የጻፋችሁት።

2021 የወጣው የአሜሪካ መንግስት የዩፎ ሪፖርት ከ144 ጉዳይ በእርግጠኝነት የለየው አንዱን ብቻ ነው፣ እሱም አየሩ እየወጣ ያለ ትልቅ ባሉን ነበር። ብዙው እንዲሁ የቀረው በቂ ዳታ ስላልነበረ ነው፣ ለዚህ አንዱ ምክንያት ደግሞ ፓይለቶቹ ይሳቅብናል ስራችንንም እናጣለን ብለው ዝም ማለታቸው ነው፣ የቀድሞው የባህር ኃይል ፓይለት ሪያን ግሬቭስ 2023 ኮንግረስ ፊት ቀርቦ የተናገረውም ይሄንኑ ነው።

ስለዚህ በቀጣይ ስትጽፉ እባካችሁ ፓይለቱ በዓይኑ ያየውን፣ ራዳሩ የያዘውንና ካሜራው የቀረፀውን ለየብቻ አድርጋችሁ አቅርቡልን፣ የፕሪንስተን የራዳር ዳታ ለምን ለህዝብ እንዳልተለቀቀም ጠይቁልን።

የዘወትር አንባቢያችሁ