ጣና ላይ ለሚዘረጋ ኬጅ ጫጩቱ የጣና ይሁን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ጣና ላይ ኬጅ፣ ማለትም ዓሳ የሚረባበት የመረብ ቤት፣ ተዘርግቶ ቆሮሶ የሚባለው ዓሳ ይርባ የሚሉትን ሰዎች እኔ ከልቤ እደግፋለሁ። ሐይቁ እኮ ተጎድቷል፣ በተለይ እነዛ ከጣና በቀር የትም የማይገኙት ባርበስ የሚባሉ ዓሳዎች ክረምት ላይ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራና ርብ ሲወጡ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል፣ ስለዚ ወጣቱ ኬጅ ውስጥ አርብቶ ቢሸጥ ለሱም ስራ ነው ለሐይቁም እፎይታ ነው። መኖው ውድ ነው፣ ከወጪው ከግማሽ በላይ የሚወስደው እሱ ነው፣ ግን መኖ ቢያጥር የሚከስረው ባለኬጁ ነው። ኬጁ ውስጥ በምንጨምረው የዓሳ ጫጩት ላይ ከተሳሳትን የሚከስረው ጣና ነው።

ቶሎ የሚያድግ ዝርያ ከውጪ እናስመጣ የሚል አይጠፋም። የጣና ቆሮሶ ግን እንደሌላው ቆሮሶ አይደለም፣ ተመራማሪዎች በፈረንጆቹ 1992 ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ነው ብለው በጣና ስም ሰይመውታል። ኬጅ ደሞ ያው መረብ ነው፣ ማዕበል አለ፣ ጉማሬ አለ፣ ንፋስ የሚነዳው የእንቦጭ ክምር አለ፣ አንዴ ከተቀደደ የወጣውን ዓሳ ማን ለቅሞ ይመልሰዋል? ከውጪ የሚመጡት ጫጩቶች ሁሉም ወንድ ስለሆኑ ቢያመልጡም አይራቡም የሚባለው አይዋጥልኝም፣ ጫጩቶቹ ገና ከመፈልፈላቸው ሆርሞን ያለበት መኖ እየበሉ ነው ወንድ የሚደረጉት፣ በመሃል ጥቂት ሴት ይቀራል፣ ደሞስ ወንዱ ቢያመልጥ ሐይቁ ውስጥ የሚዳቀላቸው የጣና ሴቶች የሉም እንዴ?

ቪክቶሪያ ሐይቅን እንይ። ዛሬ እዛ በኬጅ የሚረባው የናይል ቲላፒያ፣ ያው እኛ ቆሮሶ የምንለው፣ የሐይቁ ተወላጅ አይደለም፣ በፈረንጆቹ 1950ዎቹ ከሌላ ቦታ አምጥተው ነው የጨመሩት፣ ንጌጌ የሚሉት የራሳቸው ዓሳ ከዋናው ሐይቅ ሊጠፋ የደረሰው ከመጠን በላይ ተጠምዶ፣ ናይል ፐርች የሚባል ሌላ ዓሳ የሚበላ ዓሳ ተለቆበት፣ ከዚህ እንግዳ ዓሳም ጋር ተሻምቶና ተዳቅሎ ነው። ጋና ውስጥም ቮልታ ሐይቅ ላይ በፈረንጆቹ 2018 መጨረሻ ቫይረስ ገብቶ የኬጅ ዓሳ በገፍ አልቋል፣ እንዲህ አይነት በሽታ ከጫጩት ጋር ተጭኖ ሊመጣ ይችላል።

ባህርዳር ላይ የዓሳ ምርምር ማዕከል አለ። የጣናን ቆሮሶ እየመረጠ የሚያራባበት በጀት ይመደብለት፣ እድገቱ ቢዘገይም እንታገስ። ለኬጅ ፈቃድ የሚሰጠው አካልም ጫጩቱ ከየት እንደመጣ በፅሁፍ ሳይቀርብለት አንድም ኬጅ ውሃው ላይ እንዳያስወርድ አደራ እላለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከባህርዳር