«አትሂዱ» ከማለት ይልቅ ሕጉን መመዘን እናስተምራቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በመሐል ሜዳ አካባቢ የዜግነት ትምህርት መምህር ነኝ። በእኛ አካባቢ ስለ ስደት የሚሰጠው ትምህርት በየዓመቱ አንድ ነው፦ ጠዋት በሰልፍ ላይ እንግዳ ይመጣል፤ በረሃውን፣ ባሕሩንና ደላላውን ዘርዝሮ «አትሂዱ» ብሎ ይመለሳል። አደጋው እውነት ነው። ነገር ግን ደብተሩ እንኳ ቤይሩት ያለች እኅቱ በላከችው ገንዘብ የተገዛለት ልጅ ይህን ምክር ከልቡ እንዴት ይቀበለዋል?

ዘንድሮ የአሜሪካንን የዲቪ ሕግ ሰሌዳ ላይ ጻፍሁና «ለማን ያደላል?» ብዬ ጠየቅሁ። በዓመት እስከ 55 ሺሕ ቪዛ፤ ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒውተር፤ አመልካቹ 12ኛ ክፍል የጨረሰ፣ አለዚያም ቢያንስ የሁለት ዓመት ሥልጠና በሚጠይቅ ሙያ ሁለት ዓመት የሠራ። ብዙዎቹ ወዲያው ፍትሐዊ ነው አሉ፤ ዕቁብም በዕጣ ነው፣ ሀብታምና ድሃ አይለይም። አንዲት ተማሪ ግን ተነሥታ «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የበግ ጠጉር ስትፈትል ኖራለች፤ የእርሷ ሙያ ለምን አይቆጠርም?» አለች። «ፈትል ትምህርት ቤት የለውም» ሲላት አንዱ፣ «እኔ ስሞክር ክሩ እስከ ዛሬ ይበጠስብኛል» ብላ መለሰች። እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለኢትዮጵያ የመደበው ኮታ በዓመት 100 ሰው ብቻ እንደነበረ፣ የትውልድ አገር ኮታውም በ1965 ሕግ እንደተሻረ ስነግራቸው ደግሞ ክርክሩ ጋለ። ሕግ ሰው ያወጣው፣ ሰውም የሚለውጠው መሆኑን ያን ዕለት በራሳቸው ደረሱበት።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ራሳችን ተመለስን። መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ወደ ዓረብ አገሮች የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አግዶ ነበር፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 ደግሞ ዜጋ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት አለው ይላል። የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረውን የከፋላ ሥርዓትም አነሣን። ከሁሉ የከበደኝ ግን የውጭ አገር የሥራ ስምሪትን የሚመለከተውን አዋጅ ቁጥር 923/2008ን ስናነብ የሆነው ነው። የቪዛውንና የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን ወጪ አሠሪው ይሸፍናል የሚለው ላይ ስንደርስ አንድ ልጅ አስቆመኝና ደግሜ እንዳነብለት ለመነኝ። ለእኅቱ ትኬት ብለው በሬያቸውን ሸጠዋል።

አንድ ባልደረባዬ «ይህ ልጆቹን ለመሄድ ማነሣሣት ነው» ይለኛል። እኔ አልስማማም። የሚሄደው ሕጉን አወቀም አላወቀም ይሄዳል፤ ሳያውቅ የሚሄደው ግን በሬውንም መብቱንም ለደላላ አስረክቦ ነው።

የዞኑ ትምህርት መምሪያ ይህን ዓይነት ትምህርት እንዲያግዝ፣ ቢያንስ የአዋጁን ቅጂ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት እንዲያስቀምጥ እለምናለሁ። እኔ በእጄ ያለውን ቅጂ ያገኘሁት አዲስ አበባ ድረስ ወርጄ ነው።

የዜግነት ትምህርት መምህር፣ ከሰሜን ሸዋ