ጠጅ ቤትና ጠላ ቤት አንድ አይደሉም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ባህላዊ መጠጥ ቤቶች ባወጣችሁት ጽሑፍ ጠጅ ቤትና ጠላ ቤት እንደ አንድ መቆጠራቸው ልክ አይደለም። ጠላ ቤት በአብዛኛው የአንዲት ባለሙያ ሴት ጓዳ ነው፤ ደጃፉ ላይ በእንጨት ጫፍ የተደፋ ጣሳ ከታየ ጠላ ደርሷል ማለት ነው። ጠጅ ግን ቀድሞ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት ግብር መጠጥ ነበር፤ ለመጣው ሁሉ በብርሌ መሸጡ የተስፋፋው ከተሞች ሲያድጉ ነው።

አጣጣላቸውም ይለያያል። ለጠጅ ጋኑ በወይራ ከታጠነ በኋላ 1 እጅ ማር በ3 ወይም በ4 እጅ ውኃ ይበጠበጣል። ብርዙ 2 ወይም 3 ቀን ሲቆይ የጌሾ እንጨት ይገባበታል፤ ቅጠሉ ይበልጥ የሚሠራው ለጠላ ነው። ጌሾው ከሚገባው በላይ ከቆየ ይመራል። ክዳኑ ካልጠበቀ ደግሞ አየር ገብቶ ይኮመጥጣል፤ የኮመጠጠን ጠጅ ማር ጨምሮ ማዳን አይቻልም፣ ጣፋጩ ሆምጣጤውን ለጊዜው ይሸፍነዋል እንጂ። በማር ፋንታ ስኳር በጥብጦ ቢጫ ቀለም የሚጨምር ቤትም አለ። ያንን ጠጅ ብሎ መጥራት ይከብደናል።

ጠጅ ጣዮች አንባቢዎቻችሁ